ከ90 ዲግሪ ወዲህና ወዲያ፦ የዘንዶ ኩርባ ራሱን የሚቆርጠው መቼ ነው?

ረጅምና ቀጭን ወረቀት ውሰዱ። የሱቅ ደረሰኝ ጥሩ ይሆናል። ለሁለት እጠፉት። የታጠፈውን በዚያው አቅጣጫ እንደገና ለሁለት እጠፉት። አሁንም ድገሙት። አራት ዙር ካጠፋችሁ በኋላ ፍቱት። እያንዳንዱን እጥፋት ልክ 90 ዲግሪ፣ በትምህርት ቤት አጠራር ቀጤ ማዕዘን፣ አድርጉና ወረቀቱን በጠርዙ ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። ከላይ ስታዩት በ15 ቦታ የታጠፈ፣ 16 እኩል ቁራጮች ያሉት መስመር ታያላችሁ። ቅርጹ የተዝረከረከ ይመስላል፤ በውስጡ ግን የሚገርም ሥርዓት አለ።

የዘንዶ ኩርባ የሚባለው ይህ ነው። ብዙዎች የሚያውቁት ድራገን ከርቭ በሚለው ስሙ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የናሳ የፊዚክስ ባለሙያ የነበረው ጆን ሄይዌይ አሰበው፤ ከባልደረቦቹ ከብሩስ ባንክስና ከዊሊያም ሃርተር ጋር ሆነውም አጠኑት። በዓመቱ ማርቲን ጋርድነር በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ በነበረው የሒሳብ ዓምድ አስተዋወቀውና ስሙ ገነነ። በ1970 ደግሞ ሒሳበኛው ቻንድለር ዴቪስና የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ ጠንከር ያለ ጥናት አሳተሙበት። ማጠፉን በሐሳብ ከቀጠላችሁ ቅርጹ ክንፍና ጭራ ያለው፣ ከውኃ ብቅ ያለ ዘንዶ ይመስላል። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው።

ዛሬ ይህን ኩርባ ለመሳል ወረቀት አያስፈልግም። ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ በፓይተን አሥር መስመር በማትሞላ ኮድ ስልኩ ላይ ይስለዋል። ማዕዘኑንም እንደፈለገ ይቀያይራል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስለ ኩርባው ሲወራ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል፦ «የዘንዶ ኩርባ ራሱን ፈጽሞ አይቆርጥም»። አባባሉ ለ90 ዲግሪ እውነት ነው። ማዕዘኑ ሳይጠቀስ ከተነገረ ግን ስህተት ነው። ተማሪው 80 ብሎ ሲሞክር ስክሪኑ ላይ የተጠላለፈ ክር ያያል፤ ከዚያ ኮዴ ተበላሽቷል ብሎ ያልተበላሸውን ሲፈልግ ይውላል።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። እጥፋቱ ሲጠብ መስመሩ ይጨናነቃል፣ ስለዚህ ይቆራረጣል። ሲሰፋ ይላቀቃል፣ ስለዚህ አይቆራረጥም። በዚህ አስተሳሰብ 90 በሁለቱ መካከል ያለ ድንበር ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ሁለተኛው ግን አይደለም። ከ90 ትንሽ ከፍ ስትሉም መስመሩ ራሱን ይቆርጣል። 90 ዲግሪ ግራና ቀኙ በመቆራረጥ የተከበበ አንድ ነጠላ ነጥብ ነው። ይህንን ነው በዚህ ጽሑፍ ማሳየት የምፈልገው። ከደረሰኝ ወረቀቱና ከክብ ያለፈ ብዙ መሣሪያ አያስፈልገንም።

መጀመሪያ ቃላቱን እናስተካክል። ማዕዘን ስል እጥፋቱ የተከፈተበትን ልክ ማለቴ ነው። 180 ማለት ወረቀቱ ተዘርግቷል ማለት ነው። 0 ማለት ቁራጮቹ ተደራርበዋል ማለት ነው። ሁለት መስመሮች ነጥብ ላይ ቢገናኙና ተመልሰው ወደየራሳቸው ጎን ቢሄዱ ያ ንክኪ ነው። መቆራረጥ የምለው አንዱ በሌላው ላይ አልፎ ወደ ማዶ ሲሻገር ነው። ይህ ልዩነት ካልተያዘ ወሬው ሁሉ ይምታታል፤ ምክንያቱም 90 ላይ ኩርባው ራሱን አንዴ ሳይሆን እልፍ ጊዜ ይነካል።

ቀጥሎ ኩርባው መቼ ወደ ቀኝ፣ መቼ ወደ ግራ እንደሚታጠፍ ማወቅ አለብን። ደንቡ በጣም አጭር ነው። የመታጠፊያውን ተራ ቁጥር ጎዶሎ እስኪሆን ድረስ ለ2 አካፍሉ። የቀረውን ጎዶሎ ቁጥር ለ4 ስታካፍሉ ቀሪው 1 ከሆነ ወደ ቀኝ፣ 3 ከሆነ ወደ ግራ ነው። (ወረቀቱን በተቃራኒው አቅጣጫ ካጠፋችሁት ቀኝና ግራ ይለዋወጣሉ፤ ሌላው ሁሉ ያው ነው።) የመጀመሪያዎቹ ሰባት እንዲህ ይሆናሉ፦ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ። ለእኛ ጉዳይ ወሳኞቹ 8ኛው፣ 9ኛውና 10ኛው ናቸው። 8 ተካፍሎ ተካፍሎ 1 ይሆናል፤ ቀኝ። 9 ለ4 ሲካፈል 1 ይቀረዋል፤ ቀኝ። 10 ወደ 5 ይወርዳል፣ 5 ለ4 ሲካፈል 1 ይቀረዋል፤ ይሄም ቀኝ። ሦስት ቀኝ በተከታታይ።

90 ላይ ሦስት ተከታታይ ቀኝ ምን ያደርጋል? ከ8ኛው እስከ 11ኛው ያሉት አራት መስመሮች አንድ ካሬ ይሠራሉ። 11ኛው መስመር የሚያበቃው 8ኛው በተነሳበት ነጥብ ላይ ነው። ማለትም 7ኛውና 11ኛው መታጠፊያ አንድ ቦታ ላይ ይገጥማሉ። ኩርባው ራሱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው እዚያ ነው። በአራት ዙር የታጠፈውን ደረሰኝ ልብ ብላችሁ ካያችሁ ጥግ ለጥግ የተሳሳሙትን ሁለት ቦታዎች ታገኛላችሁ። አንደኛው መታጠፊያ በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላ በኩል ነው። ንክኪ እንጂ መሻገር የለም።

አሁን ማዕዘኑን ከ90 እናውርድ። አራት እኩል መስመሮች ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን በእኩል ማዕዘን ሲታጠፉ ጫፎቻቸው በሙሉ በአንድ ክብ ላይ ያርፋሉ። እያንዳንዱ መስመር ከክቡ ዙሪያ የሚይዘው ድርሻ 180 ሲቀነስ ማዕዘኑ ነው። ማዕዘኑ 90 ሲሆን እያንዳንዱ 90 ዲግሪ ይይዛል። አራቱ ሲደመሩ 360፤ ክቡ ልክ ተዘጋ። ማዕዘኑን 80 ስናደርገው እያንዳንዱ መስመር 100 ዲግሪ ይይዛል። አራቱ 400 ይሆናሉ፤ ከክቡ 40 ዲግሪ አልፈዋል። የመጀመሪያው መስመር ከ0 ምልክት ተነስቶ 100 ላይ ይደርሳል። አራተኛው ከ300 ተነስቶ፣ 0ን አልፎ፣ 40 ላይ ያርፋል። 40 የሚገኘው በ0ና በ100 መካከል ነው፤ 300 ደግሞ ከዚያ ውጭ ነው። አንድ ጫፉ በወዲህ፣ ሌላ ጫፉ በወዲያ የሆነ መስመር ሳይሻገር መሄጃ የለውም። ስለዚህ አራተኛው የመጀመሪያውን ይቆርጠዋል። በኩርባው ቁጥር ስናወራ 11ኛው መስመር 8ኛውን ቆረጠ ማለት ነው።

80ን የመረጥኩት ቁጥሩ ስለሚቀል ነው። ከ60 በላይና ከ90 በታች የሆነ ማንኛውም ማዕዘን ብታስገቡ ነገሩ ያው ነው፤ 89.99 እንኳ ቢሆን። ግፋ ቢል በአራተኛው ዙር ይቆራረጣል።

ልክ 60 ላይ ሌላ ነገር ይከሰታል። እያንዳንዱ መስመር 120 ዲግሪ ይይዛል። ሦስቱ ብቻ ክቡን ይዘጋሉ፣ አራተኛው በመጀመሪያው ላይ ልክክ ብሎ ይተኛል። 11ኛው መስመር 8ኛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደግሞ ይሄድበታል። ከ60 በታች ስንወርድ ሦስት መስመር እንኳ ይበዛል። የኩርባው የመጀመሪያዎቹ ሁለት መታጠፊያዎች ሁለቱም ቀኝ ስለሆኑ፣ ሦስተኛው መስመር የመጀመሪያውን ይቆርጣል። ሁለት ዙር ማጠፍ ይበቃል። 36 ዲግሪ ብትመርጡ የሚወጡት ሦስት መስመሮች በሰንደቅ ዓላማችን ላይ ያለው ዓይነት ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሲሳል እጃችን የሚያስኬዳቸው የመጀመሪያ ሦስት መስመሮች ናቸው።

መቆራረጡ ራሱ በስንት ዲግሪ ነው? በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ ከማዕዘኑ ጋር አብሮ ይንሸራተታል። 11ኛው 8ኛውን የሚቆርጠው የእጥፋቱ ማዕዘን በ3 ተባዝቶ 180 ሲቀነስ በሚገኘው ልክ ነው። 89 ላይ 87 ዲግሪ ይሆናል፤ ለዓይን መስቀል ነው የሚመስለው። 75 ላይ 45 ዲግሪ ሰያፍ ይሆናል። 65 ላይ 15 ዲግሪ ብቻ ይቀራል፤ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን የሚሄዱ ያህል ይጠጋጋሉ። 60 ላይ 0 ይሆናል፤ የመደራረቡ ምክንያት ይኸው ነው። ከ60 በታች ደግሞ ሦስተኛው የመጀመሪያውን የሚቆርጠው በእጥፋቱ ማዕዘን እጥፍ ነው። 36 ላይ 72፣ 20 ላይ 40 ዲግሪ። የኩርባው መስመሮች የሚያዩት አቅጣጫ ሁሉ የአንድ መታጠፊያ ዙረት ብዜት ስለሆነ፣ የትም ቦታ የሚፈጠር መቆራረጥ ከዚህ ደንብ አይወጣም። 90 ላይ ግን ያሉት አቅጣጫዎች አራት ብቻ ናቸው።

ከ90 በታች ለምን መዳኛ እንደሌለ በሌላ በኩልም ይታያል። በእያንዳንዱ ዙር የመስመሮቹ ብዛት እጥፍ ይሆናል። ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ርቀት ግን በእጥፍ አያድግም፤ የሚያድገው እንደ ማዕዘኑ ነው። አሥር ዙር የታጠፈ ኩርባ 1024 መስመሮች አሉት። ማዕዘኑ 120 ቢሆን መነሻና መድረሻው በ243 መስመር ርዝመት ይራራቃሉ። 90 ቢሆን በ32። 60 ቢሆን በ1 ብቻ! ስንትም ዙር ብታጥፉ 60 ላይ ሁለቱ ጫፎች ከአንድ መስመር ርዝመት አይርቁም። ያን ሁሉ መስመር በዚያች ቦታ ማጨቅ አስቡት።

90 ለዚህ ሒሳብ ልዩ ነጥብ ነው። በየዙሩ ርቀቱ በ2 ስኩዌር ሩት ያድጋል፤ ስለዚህ የሚሸፍነው ስፋት ልክ እንደ መስመሮቹ ብዛት እጥፍ ይሆናል። ቦታና መስመር እኩል ይራመዳሉ። ፍራክታልን፣ ማለትም ክፍሉ ሙሉውን የሚመስል ቅርጽን፣ የሚያጠኑ ሰዎች ዳይሜንሽኑ (ቦታ የመሙላት ልኩ) 2 ነው የሚሉት ይህንኑ ነው። መስመር ሆኖ ሳለ ሜዳ ይሸፍናል። ጫፍ ለጫፍ ያለውን ርቀት 1 አድርጋችሁ ማጠፉን እስከ መጨረሻው ብትቀጥሉ ዘንዶው የሚይዘው ስፋት ግማሽ ካሬ ነው። ዴቪስና ክኑዝ ደግሞ ከአንድ ነጥብ በአራቱ አቅጣጫ የሚነሱ አራት ማብቂያ የሌላቸው ዘንዶዎች የካሬ ወረቀቱን መስመሮች በሙሉ፣ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደሚሸፍኑ አሳይተዋል። አንዲት መስመር አትደገም፣ አንዲት መስመር አትቀር።

ያን ያህል ተጨናንቆ እንዴት አይቆራረጥም? ማረጋገጫው ስለሚያምር ልዘርዝረው። ኩርባውን ሒሳብ ደብተር ላይ ባሉት ካሬዎች መስመር ሳሉት። አንዱ መስመር አግድም ከሆነ ቀጣዩ ቁልቁል ወይም ሽቅብ ነው፤ ሁልጊዜ ይፈራረቃሉ። ነጥቦቹን እንደ ቼዝ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ ብትቀቧቸው በየእርምጃው ቀለሙ ይቀየራል። ከጥቁር ከተነሳችሁ አግድም መስመሮች ሁሉ ከጥቁር ወደ ነጭ፣ ቀጥ ያሉት ሁሉ ከነጭ ወደ ጥቁር ይሄዳሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ የደብተር መስመር የሚኬድበት አቅጣጫ አስቀድሞ ተወስኗል፤ በተቃራኒው መሄድ አይቻልም።

አሁን ጥቁር ነጥቦቹን ብቻ በቀጥታ አገናኙ። ያው የዘንዶ ኩርባ፣ በግማሽ ያነሱ መስመሮች ያሉት፣ 45 ዲግሪ ዞሮ ይወጣል። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መታጠፊያዎች ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያሉ ስለሚፈራረቁ፣ የትኛው ትንሽ መስመር የየትኛው ትልቅ መስመር አካል እንደሆነ ከቦታው ብቻ ይታወቃል። አንድ ትንሽ መስመር ሁለት ጊዜ ከተኬደ የሱ ትልቅ መስመርም ሁለት ጊዜ ተኬዷል ማለት ነው። የዚያም ትልቅ እንደዚሁ። እንዲህ እየወጣን ስንሄድ ኩርባው አንድ መስመር ብቻ እስኪቀረው ይደርሳል፤ አንድ መስመር ደግሞ ራሱን ሊደግም አይችልም። ስለዚህ ድግግሞሽ የለም። ድግግሞሽ ከሌለ መቆራረጥም የለም። ኩርባው በየነጥቡ ይታጠፋል እንጂ ቀጥ ብሎ አያልፍም፤ በአንድ ነጥብ ሁለት ጊዜ ቢያልፍም ሁለቱ ጥጎች ጀርባ ለጀርባ ሆነው ይነካካሉ።

ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ማዕዘኑን 91 ብናደርገውስ?

እዚያው መጀመሪያ የነካካበት ቦታ ላይ፣ 7ኛውና 11ኛው መታጠፊያ ጋ፣ ያሰብነው ይሆናል። ሁለቱ ጥጎች ይላቀቃሉ። በመካከላቸው የአንድ መስመር ርዝመት 5 በመቶ ያህል ክፍተት ይፈጠራል። ጥጎቹም ወደየጀርባቸው ነው የሸሹት። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው «ከ90 በላይ ሰላም ነው» ብሎ ይሄዳል። አምስትና ስድስት ዙር የሳለም ቢሆን ይህንኑ ነው የሚያየው።

ነገር ግን ከላይ ያየነውን አስታውሱ። የኩርባው ሁለት ሁለት መስመሮች በአንድ ሲተኩ ያው ኩርባ ተመልሶ ይወጣል። ይህ በማንኛውም ማዕዘን ይሠራል። ስለዚህ በ7ና በ11 የተፈጠረው ነገር በ14ና በ22፣ በ28ና በ44፣ በ56ና በ88 ተለቅ ብሎ ይደገማል። ክፍተቱም አብሮ ይወረሳል። በየደረጃው በ1.43 ገደማ ያድጋል። ከማደጉ ጋር 45 ዲግሪ ያህል ይዞራል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ መዞሩ ነው።

ኩርባው ወደ ምሥራቅ ተነስቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ነው እንበል። በ14ና በ22 ላይ የቀደመው ጥግ ክንዶቹን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ፣ የኋለኛው ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ዘርግቷል። ከዚህ በኋላ ባሉት ደረጃዎች ሁሉ ጥጎቹ ያንኑ አቅጣጫ ይዘው ይቆያሉ። ክፍተቱ ግን መዞሩን አያቆምም። በ14ና በ22 ላይ የኋለኛው ጥግ ከቀደመው በስተሰሜን ነው። በ28ና በ44 በሰሜን ምሥራቅ፤ ገና ሰላም ነው፣ እንዲያውም በደንብ ተራርቀዋል። በ56ና በ88 በምሥራቅ። በ112ና በ176 በደቡብ ምሥራቅ። በ224ና በ352 በደቡብ። በ448ና በ704 ላይ የኋለኛው ጥግ ከቀደመው በስተደቡብ ምዕራብ ይገኛል። እዚያ ደግሞ የቀደመው ጥግ ሁለቱን ክንዶች ዘርግቶ ተቀምጧል። የኋለኛው በቀደመው እቅፍ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ክንዶቹ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ስለሚሄዱ ከእቅፉ ለመውጣት ሁለቱንም ክንዶች በስተው ያልፋሉ።

በቁጥር ስናስቀምጠው፣ 91 ዲግሪ ላይ በዚህ ቦታ ክፍተቱ የአንድ መስመር 42 በመቶ ደርሷል። 704ኛው መስመር 449ኛውን ይቆርጠዋል። 705ኛው ደግሞ 448ኛውን። የመጀመሪያው መቆራረጥ በ87 ዲግሪ፣ ሁለተኛው በ89 ዲግሪ ነው። 92 ላይም እነዚሁ መስመሮች ይቆራረጣሉ። ማዕዘኑን ወደ 90 ብታስጠጉት፣ 90.1 ወይም 90.001 ብትሉት፣ ክፍተቱ ያንሳል እንጂ አቅጣጫው አይቀየርም። እቅፉ ውስጥ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ መቆራረጡም አይቀርም።

ይህን በወረቀት ማየት የማይታሰብ ነው። 704ኛው መስመር ላይ ለመድረስ 1024 መስመር፣ ማለትም አሥር ዙር ማጠፍ ያስፈልጋል። ተራ ወረቀት ሰባት ዙር ላይ እንቢ ይላል፤ ውፍረቱ በየዙሩ እጥፍ ስለሚሆን። ብሪትኒ ጋሊቫን የተባለች የካሊፎርኒያ ተማሪ በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ የመጸዳጃ ቤት ወረቀት 12 ጊዜ አጥፋ ክብረ ወሰን ይዛለች። የፈጀባት ርዝመት ግን 1200 ሜትር ገደማ ነበር። ያን ያህል ወረቀት ፈትቶ እያንዳንዱን እጥፋት 91 ዲግሪ ላይ ማቆም በእጅ የሚሞከር ሥራ አይደለም። ስክሪን ላይ ግን ቀላል ነው። አሥር ዙር ሳሉ፣ ከ448ኛው መታጠፊያ አጠገብ ያለውን ቦታ አጉሉት፣ እዚያው ታዩታላችሁ። የተሰበሰበ ምስል ብቻ ካያችሁ ግን አያታልላችሁ። በሺህ መስመሮች መካከል የአንድ መስመር ግማሽ እንኳ የማትሞላ መሻገር ለዓይን አትታይም።

ለዚህ ነው ስለ ፍራክታል ምስል አይቶ መፍረድ የማይወደደው። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሚሉትና አሥረኛው ዙር የሚለው የተለያየ ሊሆን ይችላል። መምህራን ይህን ኩርባ በክፍል ውስጥ ቢጠቀሙበት ደስ ይለኛል። የተለመደው «ሳሉትና እዩ» ግን አይበቃም። አንድ ተማሪ 91 አስገብቶ፣ ስድስት ዙር ስሎ፣ «አይቆራረጥም» ብሎ ቢደመድም ያየውን ነው የተናገረው። ማስረጃ ግን የለውም። በክቡ ላይ እንዳደረግነው ምክንያቱን ሲፈልግ ነው ሒሳብ የሚጀምረው።

ማዕዘኑ በቂ ሲሰፋ ነገሩ በእርግጥ ይረጋጋል። ከ100 ዲግሪ በላይ ኩርባው ራሱን እንደማይቆርጥ በሒሳብ ተረጋግጧል። ክፍተቱ መዞሩን ባያቆምም፣ ጥጎቹ በጣም ስለተራራቁ እቅፍ ውስጥ የሚገባ የለም። ከእነዚህ ሰፊ ማዕዘኖች መካከል 120ን ሞክሩት። መስመሮቹ በሙሉ በንብ እንጀራ መስመሮች ላይ ይሄዳሉ፤ ምስሉም ንጹሕና አየር ያለው ነው። ዳይሜንሽኑ 1.26 ገደማ ይሆናል፤ የስዊድኑ ሒሳበኛ ሄልጌ ቮን ኮክ በ1904 ካስተዋወቀው የታወቀ የበረዶ ኩርባ ጋር እኩል ነው።

90 ደግሞ ከዚህም ያለፈ ነገር አለው። እስካሁን ወረቀቱን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነው ያጠፍነው። በየዙሩ ወደፈለጋችሁት ጎን ብታጥፉትስ? አንዱን ዙር ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች፣ እንደመጣላችሁ። ከላይ ያደረግነው ማረጋገጫ ሁለት ነገር ብቻ ነው የተጠቀመው፦ አግድምና ቀጥ ያሉት መፈራረቃቸውን፣ እና ጎዶሎዎቹ መታጠፊያዎች ቀኝና ግራ መፈራረቃቸውን። ወረቀት እንዴትም ቢታጠፍ እነዚህ ሁለቱ አይቀሩም። ስለዚህ አሥር ዙር ብታጥፉ በየዙሩ ሁለት ምርጫ ስላላችሁ 1024 ዓይነት አስተጣጠፍ አለ፤ 90 ላይ ሲከፈት አንዱም ራሱን አይቆርጥም። ቅርጾቹ ግን በፍጹም አይመሳሰሉም። አንዱን ዙር ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እያፈራረቃችሁ ብታጥፉት ዘንዶው ይጠፋና ጎኖቹ ቀጥ ያሉ፣ አንድ ቀጤ ማዕዘን ያለው ሦስት ማዕዘን ውስጡን ሞልቶ ይወጣል። ለዚህኛው አራት ዙር የታጠፈ ደረሰኝ ይበቃል።